«የሰው ቀለም» የቱ ነው?
ልጆች ሰው ሲስሉ «የሰው ቀለም አቀብለኝ» እያሉ ሁሌ ያንኑ ፈዛዛ ሮዝ እርሳስ ካነሱ፣ ለጊዜው ደብቁት። በምትኩ በውሃ የሚታጠብ ቡናማ፣ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ቀለም አቅርቡ። እያንዳንዱ ልጅ ቆርኪ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀለ በእጁ ጀርባ ይሞክር። ጠብታው ቆዳው ላይ መለየት ሲያቅት የራሱን ቀለም አገኘ ማለት ነው። ስም ደግሞ ራሱ ያውጣለት፦ ማር፣ ቀረፋ፣ የተቆላ ቡና፣ የድፎ ቅርፊት። («ቀይ» እና «ጥቁር» ከቤት ይዘውት የሚመጡት ጣጣ አለበት።) የሁሉም ቆዳ ከእነዚያው አራት ቀለሞች እንደወጣ፣ የሚለየውም መጠኑ ብቻ እንደሆነ በገዛ እጃቸው ያዩታል።

ሥዕሎቹን ግን ከፈካው ወደ ጠቆረው ደርድራችሁ እንዳትሰቅሉ! እጁ ላይ ቁስል ወይም ችፌ ያለበት ልጅ ወረቀት ላይ ቀብቶ ከቆዳው ጋር ያስተያይ።