ሶባን እንደ ፓስታ አይቀቅሉት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሩ ሶባ ቤት ውስጥ ለመሥራት ከሚቀሉ የጃፓን ምግቦች አንዱ ነው። ቀጭን ቡናማ ኑድል ተቀቅሎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ በቀርከሃ ወንፊት ላይ ይቀርባል። ከዚያ በትንሽ ስኒ ከተቀዳ ቀዝቃዛ መረቅ እያጠቀሱ መብላት ነው። ቁሌት የለው፣ በርበሬ የለው። ለዚህ ነው ትንሿ ጥፋት ወዲያው ምላስ ላይ የምትታወቀው። አብዛኛው ጥፋት ደግሞ ሶባን እንደ ፓስታ ከማየት ይመጣል።

ነገሩ ገና ሲገዙ ይጀምራል። ሶባ የሚሠራው ባክዊት ከሚባል እህል ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ስንዴ የሚል ቃል ቢኖርም ከስንዴ ጋር አይዛመድም። እንዲያውም ከኛው መቅመቆ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ግን እሽግ ሶባ ሁሉ ንጹሕ ባክዊት አይደለም። በጣም የታወቀው ድብልቅ 8 እጅ ባክዊት፣ 2 እጅ ስንዴ ነው። ከዚህ የበዛ ስንዴ ያለበትም ሞልቷል። ስለዚህ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማው ሰው እንደ ጤፍ ቆጥሮት እንዳይበላ። የእሽጉን ጀርባ ያንብቡ። ባክዊት ራሱም አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል።

ጨውና ዘይት ውሃው ውስጥ አይጨምሩ። ጨው ከመረቁ ያገኛል። ዘይት የነካው ኑድል ደግሞ መረቅ አይይዝም።

ትንሽ ድስትም ጥፋት ነው። ለ100 ግራም ደረቅ ሶባ ቢያንስ 1 ሊትር የሚንተከተክ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ካነሰ ገንፎ ገንፎ ይላል። አረፋው ሊገነፍል ሲል እሳቱን ቀነስ ያድርጉ። ጃፓኖች ድሮ እሳት መቀነስ በማይቻልበት ምድጃ ላይ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጣል ያደርጉበት ነበር። ስሙም ቢኩሪ ሚዙ፣ የድንጋጤ ውሃ ማለት ነው። ደረቅ ሶባ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃዋል። ጊዜው ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አንዷን ዘለላ አውጥተው ይቅመሱ።

ትልቁ ስህተት አለማጠብ ነው። ፓስታ አይታጠብም፤ ሶባ ግን ካልታጠበ ሶባ አይሆንም። እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን አጥልዬ ብቻ አቀረብኩትና ሳህኑ ላይ አንድ ጓል ሆኖ ቀረ። ላዩ ላይ የቀረው ስታርች እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፤ የእህሉንም ጣዕም ይሸፍናል። እንዳጠለሉት ቀዝቃዛ ውሃ ይልቀቁበት። እጅ የማያቃጥል ሲሆን በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ አድርገው ይሹት። ውሃው እስኪጠራ፣ ኑድሉም ከእጅ ላይ ማሙለጭለጩን እስኪተው ድረስ አይቁሙ። በመጨረሻ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው በደንብ ያንጠፍጥፉት። በትኩስ ሾርባ ሊበሉት ቢያስቡ እንኳ መጀመሪያ ያጥቡት፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ማውጣት ነው።

መረቁ ላይ ያለው ስህተት ከወጥ ልማዳችን ይመጣል። እኛ ወጥ ሲቆይ ይጣፍጣል እንላለን። ዳሺ የሚባለው የጃፓን መረቅ ግን እሳት ላይ ሲቆይ ይበላሻል። 10 ግራም ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ከዚያ በዝግታ ያሙቁት። ድስቱ ሥር ትናንሽ አረፋ ሲታይ፣ ሳይፈላ ያውጡት። ከፈላ ይዝለገለጋል፤ ይመርራልም። ቀጥሎ ውሃውን አንዴ ያፍሉና እሳቱን ያጥፉ። 20 ግራም ካትሱኦቡሺ ይጨምሩ፤ ደርቆ እንደ እንጨት የተላገ ዓሣ ነው። ከ2 ደቂቃ በኋላ ሳይጨምቁ ያጥልሉት። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው የቶኪዮ ኬሚስት በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር ያወጣውና ጣዕሙን ኡማሚ ብሎ የሰየመው ከዚሁ ኮምቡ ነው።

ጾም ከሆነ ዓሣውን በደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ ይተኩት። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። በጃፓን የቡድሂስት ገዳማት ባህላዊ ምግብም ሥጋና ዓሣ ስለሌለበት መረቁ ከኮምቡና ከእንጉዳይ ነው።

4 እጅ ዳሺ፣ 1 እጅ ሶይ ሶስ፣ 1 እጅ ሚሪን አንድ ላይ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ሚሪን ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ሲሆን አልኮል አለው፤ ለማይነካ ሰው ጥቂት ስኳር ይበቃል። ይህን መረቅ ኑድሉ ላይ እንደ ወጥ ማፍሰስ ሌላው ጥፋት ነው፤ ጨው ይበዛበታል። ጫፉን ብቻ ያጥቅሱ።

የቀቀሉበትንም ውሃ አይድፉ። ሶባዩ ይባላል። በልተው ሲጨርሱ ትኩሱን የተረፈው መረቅ ላይ ጨምረው፣ ስኒውን በሁለት እጅ ይዘው ይጠጡት።