የቆመ የኤንትሬ ሞተር ስትቀሰቅሱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ከዓለም ገና አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ጥግ ላይ ከባሕር ዛፎቹ ስር አንድ ፊያት 682 ኤን 3 ቆሟል፤ ሁላችንም «ኤንትሬ» የምንለው። የአጎቴ መኪና ነው። በ1990 ጦርነቱ የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ ተሳቢ እየጎተተ ወደብ ሲመላለስበት ኖሯል። ከዚያ ድንጋይና አሸዋ ጫነበት። አንድ ቀን አቆመው፤ እንደቆመ ቀረ። እኛ ስንደርስለት ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ሰጥመው፣ ጋቢናው የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር።

የ682 ዘር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነው መመረት የጀመረው። የኤንትሬ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው፣ ከ11 ሊትር በላይ። እንዲህ ያለ ብረት ቆሞ ስለከረመ ብቻ አይሞትም። የሚገድለው እናስነሳው ብለን የምንሠራበት ችኮላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን፣ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባትሪ ማምጣት

የቆመ መኪና ያየ ሰው ሁሉ «ይነሳ ይሆን?» ይላል። ባትሪ ይበደራል፣ ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) ይጮሃል፣ የሰፈሩ ልጅ ይሰበሰባል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ከካሚቻው (ፒስተኑ ከሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ) ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በሞተሪኖ ወይም በሌላ መኪና ጎትታችሁ በግድ ብታዞሩት ፋሻው ይሰበራል፤ ስባሪው ደግሞ ካሚቻውን ይቦጫጭረዋል። ፒስተኑ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ከሆነ ይብሳል። ውሃ አይታመቅም፤ ስለዚህ የሚጣመመው ቢዬላው (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ነው።

እኛ በዘይት መውጫው ቡሎን ጀመርን። ቀስ አድርጌ አላላሁት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከስር ይተኛል። ቡሎኑ ገና ሳይወጣ ቀይ ቡናማ ውሃ በጣቶቼ መሃል ወረደ፣ ግማሽ ጆግ ያህል። ጥቁሩ ዘይት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ከየት እንደገባ ያወቅነው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲነሳ ነበር፤ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አራተኛው ሲሊንደር ጋ ተበልቷል።

ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አወጣንና በየሲሊንደሩ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ቀላቅለን አፈሰስን። ከሳምንት በኋላ የፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ መሽከርከሪያ) ጥርስ ላይ በብረት ዘንግ ሞከርነው። ንቅንቅ አላለም። ጨምረን ተውነው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ሄደ። ወደፊት ብቻ መግፋት አያስፈልግም፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። አብሮን የሚሠራው ሽማግሌ መካኒክ «ልጄ፣ የተቋጠረ ክር እንደምትፈታ ቁጠረው» አለኝ። ሙሉ ዙር እስኪዞር አንድ ወር ፈጀብን፤ አንድም ፋሻ ግን አልሰበርንም።

ምልክት ሳያደርጉ መፍታት

የቢዬላ ቆብ ከቢዬላው ጋር አንድ ላይ ተገጥሞ ነው የሚቀረጸው። የሦስተኛው ቆብ አምስተኛው ላይ ቢገጠም ልክ የመጣ ይመስላል፤ ቀዳዳው ግን ክብነቱን ያጣል፣ ብሮንዙም (ቀዳዳው ውስጥ የሚቀመጠው ስስ ተሸካሚ) ቶሎ ይበላል። ዞሮ ቢገጠምም ያው ነው። አብዛኞቹ ላይ ቁጥር ተመትቶባቸዋል፤ ዝገቱን ጠርጋችሁ ፈልጉት። ከሌለ ከመፍታታችሁ በፊት ራሳችሁ ምቱ።

ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ እያንዳንዱን ከመንካታችሁ በፊት አንሱ። ቫልቮችን ከቴስታታው ስታወጡ በካርቶን ላይ ስድስት ረድፍ ቀዳዳ ብሱና በቅደም ተከተል ሰኳቸው። ቡሎንና ዳዶውን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ የሚጨምር ሰው አጋጥሞኛል። በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለቅም ዋለ።

ሳይለኩ ዕቃ መግዛት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ብሮንዝ፣ ፋሻና ፒስተን ገዝቶ ይመለሳል። ዕቃው ስለማይገኝ እንዳያመልጠው ብሎ ነው፤ ስሜቱ ይገባኛል። ግን የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አንገት፣ ብሮንዙ የሚያቅፈው ቦታ፣ ምን ያህል እንደተበላ ገና አልታወቀም። አንገቱ ተበልቶ ወይም ዝገት ቆፍሮት ከሆነ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ቤት) ይጠረባል፤ ብዙውን ጊዜ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1.00 ሚሊሜትር። ብሮንዙ የሚገዛው ከዚያ በኋላ በተጠረበው ልክ ነው። ስታንዳርድ ብሮንዝ በተጠረበ አንገት ላይ ከገባ የዘይት ግፊት የሚባል ነገር አይኖርም።

ካሚቻውም በዓይን አይፈረድም። በጣም የሚበላው ከላይ፣ ፋሻው ተመልሶ የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ጥፍራችሁን ከላይኛው ጠርዝ ወደታች ጎትቱት፤ ደረጃ ላይ እንደመሰናከል ካደረገ ተበልቷል። ይህ ግን ፍንጭ ብቻ ነው። ልኩን የሚናገረው ማይክሮሜትር ነው፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ።

ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑን አትመኑ። ብሮንዙን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። እኔ ካርቶኑ 0.50 የሚል ይዤ ቤት ደርሼ ጀርባው ላይ 0.25 የሚል ማህተም አገኘሁ። ያን ቀን ሻጩ ፊት ከፍቼ ባየው ኖሮ ከመርካቶ ዓለም ገና ደግሜ ባልተመላለስኩ።

የካሚቻውን መቀመጫ መናቅ

ካሚቻው በውጭ በኩል ውሃ የሚነካው ከሆነ አውጥታችሁ ጀርባውን እዩ። በጥቃቅን ጉድጓድ ተበሳስቶ ከሆነ ይቀየር። ብሎኩ ላይ የሚቀመጥበትን ጠርዝ እስኪያበራ አጽዱ፤ ከስሩ የቀረች የዝገት ቅርፊት ካሚቻውን አዘንብላ ታስቀምጠዋለች። ሲገባ ከብሎኩ ፊት በመጠኑ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ልኩ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው፣ ከሞተሩ ማኑዋል ይወሰዳል። እኩል ከሆነ ወይም ከወረደ ጓርኒሲዮኑ ዳግም ይበላል።

አቧራን መርሳት

እዚህ ዳር ከተማ ሁላችንም ሜዳ ላይ፣ ቢበዛ ቆርቆሮ ስር ነው የምንሠራው። በበጋ አንድ የድንጋይ መኪና ባለፈ ቁጥር ግቢው ይጨልማል። ያ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ብረት ይፈጫል። የተከፈተ ሞተርን በንጹሕ አንሶላ ሸፍኑ። የክራንክ ሻፍቱን የዘይት ቀዳዳዎች ቶርኖ ቤት ታጥበዋል ብላችሁ አትቀበሉ፤ ራሳችሁ በሽቦ ብሩሽ አጽዷቸው፣ በአየር ንፏቸው።

የተፈገፈገ ካሚቻ በናፍጣ ብቻ አይጠራም። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። እኔ አምስት ጊዜ አጥቤያለሁ። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ በክረምት የታጠበ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

በጉልበት ማጥበቅ

የቴስታታ ቡሎን በክንድ ስሜት አይጠብቅም። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ቢያንስ በሦስት ዙር። ብሎኩ ላይ ያለው የቡሎን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀር፤ ቡሎኑ ሲወርድ መውጫ ያጣው ፈሳሽ ብሎክ ይሰነጥቃል። የተለጠጠ ቡሎንና አንዴ የታጠፈ ኮፒሊያ (ዳዶ እንዳይላላ የሚታጠፍ ሽቦ) አትመልሱ።

የናፍጣ ፓምፑን ቤት ውስጥ መፍታት

አትንኩት። ሙጫ የሆነ አሮጌ ናፍጣ ይዞታል፣ መጽዳትና መለካት ያለበትም በሙከራ ማሽን ላይ ነው። ለባለሙያው ግን አንድ ነገር ንገሩት፤ መኪናው የሚሠራው በ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ መሆኑን። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ወለል የተለካ ናፍጣ ይበዛበታል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ጭስ የጉልበት ምልክት አድርጎ ይወደዋል። በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ እኮ ነው፣ ካሚቻውን እያጠበ ዘይቱን የሚያቀጥን።

የመጀመሪያው ቀን

ናፍጣውን ዘግታችሁ የዘይት ግፊቱ ጌጁ ላይ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙሩት። ከዚያ ናፍጣውን ክፈቱ። ከአየር ማስገቢያው አፍ አጠገብ አንድ ሰው ወፍራም ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም። ፓምፑ ተጣብቆ ሞተሩ በራሱ መሮጥ ከጀመረ ቁልፍ መዝጋት አያቆመውም፤ አየሩን መድፈን ነው። በእጅ በፍጹም አይሞከርም።

ከተነሳ በኋላ ለደስታ ብላችሁ ሙሉ ቀን ሚኒሞ ላይ (ያለ ጭነት በዝግታ እየዞረ) አታቆዩት። አዲስ ፋሻ የሚቀመጠው ሞተሩ ጭነት ሲሰማው ነው። ሙቀቱንም ጠብቁ፤ በእኛ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

የእኛው የተነሳው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አጎቴ ወንበር አምጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ከዘይት ጌጁ አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ አሸዋ ጭነን ወደ ሰበታ በቀስታ ወጣን። ማታ ዘይቱን ቀየርን፣ ሞተሩ ሲበርድም የቴስታታውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ደግመን አየናቸው። ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ሄዱ።