ማግኔቱ አይተኛም፦ ለአዲስ የኤምአርአይ ተማሪ

አሜሪካ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንጎል ምርምር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አንጎልን የምናጠናው በኤምአርአይ ነው፤ በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሣ ማሽን ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው።

ኪስህን አራግፍ። ማግኔቱ ሌሊትም እሁድም አይጠፋም። የእኛው 3 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው)፤ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ 60,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። መቀስ ይዘህ ከገባህ ከእጅህ መንጭቆ ይወስደዋል።

የጥናቱ ተሳታፊ የደኅንነት ቅጹን ብትሞላም በቃል ድገምላት፦ በሰውነትሽ የተተከለ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ አለሽ? በሰውነትሽ ውስጥ የቀረ ብረትስ? ሐበሻ ከሆነች ሐብሏን ከነመስቀሉ ታውልቅ። ክር ብቻ የሆነ ማተብ ችግር የለውም። ንቅሳትም ጠይቅ፤ አንዳንዱ ቀለም ብረት ስላለው ሊሞቅ ይችላል።

የጆሮ መድፈኛ ስጣት፤ ጩኸቱ ቀላል አይደለም። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ በስፖንጅ ደግፍ። እዚህ ላይ አትቸኩል! ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ይበላሻል። "አትንቀሳቀሺ" ብቻ ማለት ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው አፍንጫ የሚያሳክከው። መቼ ማሳል እንደምትችል ንገራት። የመጥሪያ ቁልፉን አስጨብጣትና አስሞክራት።

ማሽኑ ሐሳብ አያነብም። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ የምንከታተለው እሱን ነው። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ ነው። ደሙ ግን ቀርፋፋ ነው። ምልክቱ ጣሪያ የሚነካው ከ5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ማሽኑ ውስጥ ሳለች በምታቀርብላት ጥያቄዎች መካከል ፋታ አስገባ።

ምስሉ ላይ ግር የሚል ነገር ካየህ ለተሳታፊዋ ትንፍሽ አትበል። ሐኪም አይደለህም። ለምርምሩ ኃላፊ አሳውቅ፤ የራዲዮሎጂ ሐኪም ይየው።