ደብል አይፒኤ ቢራን በቤት ለመጥመቅ መጠኑ እንዴት ይቀመራል?

ደብል አይፒኤ፣ ሆፕ የተባለው መራራ አበባ የሚበዛበት የአይፒኤ ቢራ ጠንካራ ዓይነት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ቪኒ ሲሉርዞ በካሊፎርኒያዋ ቴሜኩላ ከተማ፣ ብላይንድ ፒግ በተባለው ጠመቃ ቤት ያዘጋጀው ቢራ ለገበያ ከቀረቡት ደብል አይፒኤዎች የመጀመሪያው እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። የዚህ ዓይነት ቢራ አልኮል ብዙውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 10 በመቶ ነው። ጀማሪ ጠማቂ ኃይለኛ ቢራ ለማውጣት ብቅል ማብዛት ይበቃል ብሎ ስለሚያስብ፣ ውጤቱ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ይሆንበታል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚወሰነው ቢራው ተብላልቶ ሲያበቃ ምን ያህል ስኳር እንዲቀርበት እንደሚፈለግ ነው።

ለ20 ሊትር የመነሻ እፍጋቱን (ፈሳሹ ከመብላላቱ በፊት፣ 1.000 ከሆነው ውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለውን ክብደት) 1.075፣ የመጨረሻውን 1.013 እናድርግ፤ አልኮሉ 8.1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ1.000 በላይ ያለው 75 ነጥብ በ20 ሊትር ሲባዛ 1,500 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ተራ ስኳር 192 ነጥብ ያህል ይሸፍናል። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮልና ጋዝ ስለሚለወጥ ቢራውን ቀለል ያደርገዋል፤ በእኔ እምነት መተው የሌለበት ግብዓት ነው። ለቀሪው 1,308 ነጥብ፣ ከብቅሉ ስኳር 75 በመቶው እንደሚወጣ ከታሰበ፣ 5.6 ኪሎ ፈዛዛ ብቅል ያስፈልጋል። የተቆላ ብቅል ከ200 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። የተፈጨው ብቅል በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ75 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቀቱ ከዚህ ከፍ ካለ እርሾ የማይበላው ስኳር ይበዛል። ከዚያ የሚጠለለው ጣፋጭ ጭማቂ ከሆፕ ጋር ይፈላል።

ሆፕ ጌሾ በጠላ ውስጥ ያለውን ቦታ በቢራ ውስጥ የሚይዝ ነው ቢባልም ሁለት ሥራ አለው፤ ምሬቱ በመፍላት ይወጣል፣ መዓዛው ግን በመፍላት ይተናል። ለምሬቱ 14 በመቶ አልፋ አሲድ (ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ያለው እንደ ማግነም ያለ ሆፕ 45 ግራም ለ60 ደቂቃ ቢፈላ በምሬት መለኪያ (አይቢዩ) 58 ገደማ ይሰጣል። ለመዓዛው ደግሞ እንደ ሲምኮና ሴንቴኒያል ያሉት ይመረጣሉ፦ 50 ግራም ማፍላቱ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ 75 ግራም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጭማቂው ወደ 80 ዲግሪ ሲወርድ ይጨመራል። ስኳሩም የሚገባው በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው። ይህ ስሌት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚጠምቅ ሰው ነው፤ በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከሆፑ የሚወጣው ምሬት ያንሳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሆፕ ከፍ ማድረግ ወይም እስከ 90 ደቂቃ ማፍላት ያሻል።

ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ እያንዳንዳቸው 11.5 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ፓኬት ዩኤስ-05 ደረቅ እርሾ ይጨመርበትና ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ስፍራ ይቀመጣል። መብላላቱ ሊያበቃ ሲል 150 ግራም ሆፕ ለ3 ቀን ይነከርበታል። ሆፑ ቢራ ስለሚመጥ ከመነሻው 2 ሊትር ያህል አትርፎ ማዘጋጀት ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት አይገባም፤ አየር መዓዛውን ያበላሻል።

እፍጋቱ ለ3 ተከታታይ ቀናት ካልተለወጠ ቢራው ለጠርሙስ ደርሷል፤ ከዚያ በፊት ማሸግ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ለጋዙ በሊትር 6 ግራም ስኳር ይበቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዝቅዞ፣ የሆፑ መዓዛ ሳይጠፋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠጣ።