የማርሽ ዘንግ ማሳጠር፦ እኔ ሁለት ጊዜ ከፍዬ የተማርኩት

አንዳንድ መኪና ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስታስገቡ እጃችሁ ሬዲዮኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። የኔዋ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ እንደዚያ ነበረች። ማርሿን ለማሳጠር፣ ማለትም እጄ የሚሄድበትን ርቀት ለመቀነስ፣ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። የመጀመሪያው ክፍያ የጥፋት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘንጉ መሃሉ ላይ የሚዞርበት ኳስ አለው። እጀታውን ወደ ፊት ስትገፉ የታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ሄዶ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን መቀየሪያ ይገፋል። ለምሳሌ ከኳሱ በላይ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲሄድ እጃችሁ 12 መሄድ አለበት። የታችኛውን 5 ብታደርጉት እጃችሁ 9.6 ብቻ ይሄዳል። ግን በነፃ አይደለም። ጉልበቱ በሩብ ይጨምራል። ጠዋት ካምቢዮው ሳይሞቅ ትከሻችሁ ያውቀዋል።

እጀታውን ከላይ ቆርጦ ማሳጠርም አለ። ርካሽ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። እጅ ከመሪው ይርቃል፣ ማርሹም ይከብዳል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ሦስተኛ አስገቡና እጀታውን በሁለት ጣት ወዝውዙት። ብዙ ከተንገላወደ ችግሩ ርዝመት አይደለም። ብዙ ጊዜ የታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ትንሽዬ ፕላስቲክ ቡሽ (ጫፉን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። በላይኛው ስሌት ከታች 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከላይ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ቡሹን ብቻ ቀይሩና ንዱት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

አሁንም ካልበቃችሁ ዘንጉን አውጡ። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። እጀታውንና ዘንጉን የሚሸፍነውን የጎማ ሽፋን ማንሳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሥር ያለው ክዳን በአንዳንዱ መኪና በብሎን ይፈታል፣ በአንዳንዱ ተጭናችሁ ስታዞሩት ይወጣል። ዘንጉ እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት። አንዲት ብሎን እዚያ ከገባች ካምቢዮ ማውረድ ሊመጣ ነው።

ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። እኔ ዘንጉን ይዤ ብየዳ ቤት ሄድኩና ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር አስረዘምኩት። ገባ፣ ተዘጋ፣ ሰፈር ውስጥ ነዳሁት። አጭር! ደስ አለኝ። በማግስቱ ከእንጦጦ በሁለተኛ እየወረድኩ እግሬን ከቤንዚን ሳነሳ ማርሹን ተፋው፤ በራሱ ወደ ዜሮ ወጣ። መኪናዋ ተለቀቀች። በፍሬን ያዝኳት፤ ግን እጄ እስከ ሽሮ ሜዳ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ስፈታው ምክንያቱ ታየኝ። የረዘመው ጫፍ የመቀየሪያውን ወለል እየነካ ነበር፤ ብረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ትቷል። ስለዚህ ማርሹ እስከ መጨረሻው አይገባም ነበር። ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ካስረዘማችሁ ኳሱ የሚቀመጥበትም 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ጫፉ ያኔ በድሮው ጥልቀት ላይ ይቀራል። ከፍ ማድረጊያውን ቶርኖ ቤት በልክ ያወጡላችኋል። ዘንጉንም ለመኪናችሁ ተብሎ የተሠራ ብትገዙ ይሻላል። የተበየደ ዘንግ ዳግመኛ አልነዳም።

ስትገጥሙ ኳሱንና ቡሹን ግሪስ ቀቡ። ሞተሩ እንደጠፋ ሁሉንም ማርሽ አስገቡ፣ የኋላውንም። ከዚያ የጎማ ሽፋኑን መልሳችሁ ድገሙት፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ራሱ ዘንጉን ገፍቶ ሊመልሰው ይችላል። መጨረሻ ላይ ሜዳ መንገድ ላይ በየማርሹ ቤንዚን ስጡ፣ ልቀቁ። የሚተፋ ከሆነ እዚያ ይትፋ።

የቪትዝና የመሰሎቹ ማርሽ በገመድ ነው የሚሠራው። እዚያ የሚቀየረው ገመዱ የሚታሰርበት ክንድ ነው፤ መርሁ ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ማርሹ ሲገባ የሚፈጭ ከሆነ ዘንግ ማሳጠር ያባብሰዋል። ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያስማማው ክፍል) ሥራው አልቀነሰም፣ እጃችሁ ግን ጊዜ ነሳው። መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን እዩ።

መኪናውን ለሰው ስትሰጡም ንገሩ። ወንድሜ አራተኛ መስሎት ሁለተኛ አስገብቶ ሞተሩን ሲያስጮኽ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።