ደረጃው ለምን ያደናቅፋል? ከሕንፃ ስዕል አነባበብ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከስዕሎቹ ልጀምር፦ አርኪቴክቸራል የሕንፃውን ቅርጽና አጨራረስ፣ ስትራክቸራል ተሸካሚውን ኮንክሪትና ብረት፣ ሳኒተሪ የውሃና የፍሳሽ ቱቦውን፣ ኤሌክትሪካል የመብራት መስመሩን ያሳያል። ሳይት ላይ የማየው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው አንዱን ገልጦ ሌላውን ካለማየት ነው።

ችግር፦ እምነበረዱ ተነጥፎ አልቋል፤ ሰው ግን የመጨረሻው እርከን ላይ ይደናቀፋል።

ይህን ስንት ሕንፃ ላይ አይቻለሁ! ሜትር አውጡና የእርከኖቹን ከፍታ ለኩ። መካከሎቹ 15 ሳ.ሜ፣ የመጀመሪያው 12፣ የመጨረሻው 18 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ምክንያት፦ አናጺው የያዘው ስትራክቸራሉን ብቻ ነው። ከሶሌታ (ከወለሉ ኮንክሪት) እስከ ሶሌታ 3 ሜትር፣ ለ20 ሲካፈል 15 ሳ.ሜ። ለባዶ ኮንክሪት ሂሳቡ ልክ ነው። አርኪቴክቸራል ሴክሽኑ (ሕንፃው ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ስዕል) ላይ ግን የወለሉ ንጣፍ ከነስክሪዱ (ከስሩ ከሚደረገው የሲሚንቶ ድልዳል ጋር) 8፣ የደረጃው 5 ሳ.ሜ ተብሏል። ወለሉ በ8 ከፍ ሲል እርከኑ በ5 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ያቺ የ3 ሳ.ሜ ልዩነት ታች ትቀነሳለች፣ ላይ ትደመራለች። አንዱ ፎርማን "የንጣፉን ነገር የፊኒሺንጉ ሰው ይጨነቅበት" ብሎኝ ያውቃል። የፊኒሺንጉ ሰው ሲመጣ ኮንክሪቱ ደርቋል፤ ተጨንቆ ምን ሊያመጣ ነው?

መፍትሄ፦ ገና ካልተሞላ የኮንክሪቱን የመጀመሪያ እርከን 18፣ የመጨረሻውን 12 አድርጉ። ፎርሙ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ላይ ሲያዩት ስህተት ይመስላል፤ ሲነጠፍ ሁሉም 15 ይመጣል። ለአናጺው አስረዱት፣ አለበለዚያ "አስተካከልኩት" ብሎ ያበላሽላችኋል። ከተሞላ በኋላ ያለው አማራጭ የደረጃውንም ንጣፍ 8 ሳ.ሜ ማድረስ ነው። ክብደት ስለሚጨምር መጀመሪያ የስትራክቸር መሐንዲሱ ይየው። ኮንክሪቱን ለመጥረብ መሮ እንዳታነሱ! ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ይጋለጣል።

ችግር፦ የሽንት ቤት ቱቦ ቢም (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ አረፈ።

ሳኒተሪውና ስትራክቸራሉ አልተነባበሩም ማለት ነው። ሁለቱን ደርባችሁ እዩ፤ የቱቦ ማለፊያ ከሙሌት በፊት ይቀመጥ። ቢም መብሳት የቧንቧ ሠራተኛ ውሳኔ አይደለም። ፈጽሞ አይደለም።

ችግር፦ በማስመሪያ የለካችሁት ከተጻፈው ቁጥር ግማሽ ሆነ።

ለኤዋን (A1) ወረቀት የተሠራው ስዕል በጎኑ ግማሽ በሆነው ኤስሪ (A3) ላይ ታትሟል፤ 1፡50 የነበረው 1፡100 ሆኗል። የተጻፈውን ቁጥር ብቻ እመኑ።

ችግር፦ ሁለት ሠራተኞች ሁለት ዓይነት በር ቦታ ይዘዋል።

አንዱ የድሮውን ሪቪዥን (ከመሻሻሉ በፊት የነበረውን ስዕል) ነው የያዘው። አሮጌውን ቀድዳችሁ ጣሉት፤ "ለማንኛውም ይቀመጥ" አይባልም።

ችግር፦ ግድግዳ ሲበሳ ውሃ ፈነዳ።

አዝ ቢልት (በተግባር የተሠራውን የሚያሳይ ስዕል) አልተሠራም፣ ወይም ዲዛይኑ ተገልብጦ አዝ ቢልት ተብሏል። ቱቦው ሳይለሰን ፎቶ አንሱ፣ ከወለልና ከማዕዘን ያለውን ርቀት ስዕሉ ላይ ጻፉ።