ለጥሩ እንቅልፍ ምሽቱን ማሰናዳት

ብዙዎቻችን እንቅልፍ እምቢ ሲለን ጥፋቱን የምንፈልገው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። እኔም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ ጋደም ብዬ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ በተገላበጥኩባቸው ወራት ትራሱን ቀይሬያለሁ፣ የአልጋውን አቅጣጫ አዙሬያለሁ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ አንዱም አልበጀኝም። የበጀኝ ከመኝታ በፊት ያሉትን አራትና አምስት ሰዓታት አንድ በአንድ መመርመር ነበር፤ ከቡናው ጀምሮ እስከ ስልኩ ድረስ ሁሉም ነገር ሰውነቴን ገና ቀን እንደሆነ እያሳመነው ይቆይ ነበርና። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ምሽት እንዴት እንደገና እንዳሰናዳሁትና ሐዋሳ ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚመቸው ምን እንደሆነ ነው።

የምሽቱ ሥርዓት መሠረቱ የሚጣለው ጠዋት ነው። ሰውነት የውስጥ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዋናነት በጠዋት ብርሃን ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከተነሡ የመኝታው ሰዓት እየተጎተተ ቦታውን ይይዛል። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ ስለዚህ ከመነሻ ሰዓትዎ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ወይም የመስጊድ አዛን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው ሰው፣ ተመልሶ ለመተኛት ከሚታገል ይልቅ መኝታውን ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ቢያመጣው ይሻለዋል።

ቀጥሎ ያለው ቡናው ነው። «ማታ ቡና ተዉ» የሚለው ደረቅ ምክር እኛ ቤት እንደማይሠራ ስለማውቅ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የማታ ቡና ጎረቤት የሚሰባሰብበት፣ የዋለው የሚወራበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የቡናው ካፌይን ሥራውን አይተውም፤ ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ በአንጎላችን እየተጠራቀመ ድካም እንዲሰማን የሚያደርገው አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር ማረፊያ እንዳያገኝ ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል። በአብዛኛው አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ከእኛ ጋር አለ ማለት ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል። «እኔ ቡና ጠጥቼም እንቅልፍ ይወስደኛል» የሚሉ አሉ፤ እንቅልፉ ቢመጣም ጥልቀቱ እንደሚቀንስ ግን ልብ አይሉም።

እኛ ቤት ያደረግነው ስብሰባውን ሳንነካ በስኒው ውስጥ ያለውን መለወጥ ነው። ቡናው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይፈላም። ማታ ግን ረከቦቱ እንደ ወትሮው ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻውም አይቀርም፤ የሚቀዳው የሻይ ቅጠል ያልገባበት የዝንጅብልና የቀረፋ ፍል ነው። በመጀመሪያው ምሽት ጎረቤቴ ስኒውን ተቀብላ አሸተተችና «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?» አለችኝ፤ ሁለተኛውን ስኒ ግን ራሷ ጠይቃ ጠጣች። ሻይም ካፌይን እንዳለው አይርሱ፤ ጫት ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ የሚያነቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው የሌሎቹን ምክሮች ጥቅም አያየውም። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ ቡና የተፈላበትን ፍም ለሙቀት ብላችሁ በምንም ምክንያት ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከቀኑ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። ይህን ሰዓት ውጭ ማሳለፍ የሚችል ሰው ይጠቀምበት። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል ዳር ዳሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘና ብሎ መራመድ የቀኑን ውጥረት ያላላል፣ ዓይንም የብርሃኑን መቀነስ በተፈጥሮው መንገድ ያየዋል። ቤት ሲገቡ ግን ያንን ሁሉ የሚያፈርሰው ሳሎን መሐል ያለው ነጭ አምፖል ነው። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከወትሮው የመኝታ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፤ ደማቅ ብርሃን ደግሞ ያዘገየዋል። ከራት በኋላ ትልቁን መብራት አጥፍተው ጥግ ላይ ባለ አንድ ቢጫ አምፖል መቆየት በቂ ነው።

ራት ከመኝታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት ቢበላና ቀለል ቢል ይመረጣል፤ ቃር የሚያስቸግረው ሰው በርበሬውን ይቀንስ። ቢራና አረቄ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጡታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። እግር ማጠብ በአገራችን ከመንገድ ለመጣ እንግዳና ለታላቅ ሰው የሚደረግ የቆየ ክብር ነው፤ ለእንቅልፍም ከሁሉ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ከመኝታ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ውሃ ያሙቁና በሳፋ ውስጥ ከቀዝቃዛው ጋር ያደባልቁት፤ ሞቅ ብሎ ነገር ግን የማያቃጥል፣ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ቢሆን ይበቃል። ውሃው ቁርጭምጭሚትን እስኪሸፍን ድረስ እግርዎን አስገብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። በዚህ ጊዜ የእግር የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ በመሐል ሰውነት የታመቀው ሙቀትም በእግር በኩል ይወጣል፤ እንቅልፍ የሚመጣው ደግሞ ይህ የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ነው። ስለዚህ እግርን ማሞቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም አሠራሩ ይኸው ነው። የስኳር ሕመም ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው የውሃውን ሙቀት በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት፤ ጣቶቹንም በመሐል በመሐላቸው በደንብ ያድርቅ።

እግሬ ሳፋው ውስጥ ሳለ ስልኬ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነው። ስልኩን ለማንቂያ እፈልገዋለሁ የሚል ሰው ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዛ፤ ትራስ ሥር ያለ ስልክ «አንድ መልእክት ብቻ» እያለ አንድ ሰዓት ይወስዳልና። በእጄ የሚኖረው ደብተር ነው። የነገ ሥራዬን፣ ያልተከፈለውን ሒሳብ፣ መደወል ያለብኝን ሰው እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ ሐሳብ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ አልጋ ውስጥ ደጋግሞ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጸሎት ወይም የሶላት፣ አለዚያም የለሆሳስ ጨዋታ ነው።

መኝታ ቤቱ ጨለማ፣ ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። የሐዋሳ ችግር ለንፋስ ብለን የከፈትነው መስኮት የወባ ትንኝ ማስገባቱ ነው፤ መስኮቱ የሽቦ ወንፊት ከሌለው ከመምሸቱ በፊት ይዘጋ። አጎበሩ ከምሽቱ ጀምሮ ይዘርጋ፣ ጫፉም ፍራሹ ሥር ይወተፍ። አዲስ የተገኘ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ለአንድ ቀን ጥላ ሥር ይናፈስ፤ ያለዚያ ፊትን ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንቅልፍ የማይመጣበት ሌሊት ይኖራል። ሰዓት አይመልከቱ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ከተሰማዎ ይነሡ፤ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ተቀምጠው ልብስ ማጠፍን የመሰለ ቀላል ነገር ይሥሩ፣ ዓይንዎ ሲከብድ ብቻ ይመለሱ። ነቅቶ አልጋ ላይ መቆየት አልጋውን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል፤ እኔን ለወራት ያቆየኝም ይኸው ልማድ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በሆስፒታል በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ሰዓቱን መከተል አይችሉም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይችላሉ። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ያው ቀላል ምግብ፣ ያው የእግር ውሃ፣ ያው የጨለመ ክፍል በተመሳሳይ ተራ ከተደጋገመ ሰውነት ምልክቱን ይለምደዋል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሦስት ወር ከዘለቀ፣ ወይም የሚያንኮራፋ ሰው በመሐል ትንፋሹ እየተቋረጠ እየባነነ ከሆነ፣ ነገሩ ከምሽት ሥርዓት ያለፈ ስለሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከዘመድ የተገኘ የእንቅልፍ ኪኒን አይዋጥ። ሲሄዱ የሁለት ሳምንት የመኝታና የመነሻ ሰዓትዎን፣ ቡና የጠጡበትንም ሰዓት ጭምር ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅዎ በቅድሚያ እሱን ነው።